የሞተ ሰው እንዴት «ዌክ» ይደረጋል?

የጀልባው ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ከባህር ዳር ወደ ዘጌ እንግዶች ይዤ ስሄድ አንዲት አይርላንዳዊት ስልኳን አየችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ ወንድ አያቴ አረፉ አለችኝ። ቀጥላ «ዊ አር ዌኪንግ ሂም ቱናይት» ስትለኝ ግን ግራ ገባኝ። ዌክ መቀስቀስ አይደል እንዴ? አሁን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተዋል፣ ሲወጡ ምን ብዬ ላጽናናት?

ዘዋሸራ፦ ወንድሜ እዚህ ቃል ውስጥ ሁለት ግስ ነው ያለው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዋካን» ከእንቅልፍ መነሳት ነው፣ «ዋኪያን» ደግሞ ሳይተኙ ማደር፣ መጠበቅ፣ በኋላ ተቀላቅለው ዌክ ሆኑ። ሬሳው ቤት ተዘርግቶ ዘመድ ጎረቤቱ አጠገቡ ሲያድር ዌክ ይባላል፣ ልጅቱ ያለችው ይሄን ነው። እንግሊዝ አገር የደብር ንግሥ ዋዜማም ድሮ ዌክ ይባል ነበር። በኛ ግዕዙ ለይቶታል፣ ነቅሀ (ከእንቅልፍ ነቃ) ሌላ ተግሀ (ሳይተኛ ጠበቀ) ሌላ። መጽሐፈ ሄኖክ ላይ ትጉሃን የተባሉትን መላእክት እንግሊዞቹ ዋቸርስ ይሏቸዋል፣ ዋች ደግሞ የዌክ ወንድም ነው።

ጎህ ቀደደ፦ እኔ ግን ዌክ ከኛ «ወጋገን» የወጣ ይመስለኛል፣ ወ እና ገ አለ፣ ወጋገን ሲል ነው ሰው የሚነቃው።

ዘዋሸራ፦ ቅኔ ቆጥሬ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ድምፅ ስለገጠመ ብቻ ሥር አንድ ነው አይባልም። የዌክ ዘመድ የላቲኑ ቪጂል ነው፣ ንቁ ማለት ነው።

የሸክላ ሰፈር፦ የኛው ነቃስ? እናቴ እንስራ ስትገዛ በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ጆሮዋን ትደቅናለች፣ ድምፁ ከሻከረ «ይሄ ነቅ አለበት» ብላ ትመልሳለች። በጋ ላይም መሬቱ ነቃ እንላለን። መሬትም ሲነቃ ይከፈታል፣ ዓይንም ሲነቃ ይከፈታል፣ አንድ ቃል ነው።

ዘዋሸራ፦ አይደለም እህቴ! የትንሣኤ ለት «ከመ ዘንቃህ እምንዋም» ሲባል (መዝሙር 77፥65) በሀሌታው ሀ ነው፣ ከእንቅልፍ የነቃው እሱ ነው። የተሰነጠቀው በዐይኑ ዐ ነው፣ ነቅዐ፣ ምንጭን ነቅዕ ያልነው ከዚያ ነው። አማርኛ ሁለቱንም ድምፅ ሲጥላቸው ነው ነቃ ላይ የተገናኙት።

የሸክላ ሰፈር፦ በፊደሉ ተረታሁ፣ በትርጉሙ ግን ገና ነኝ። ዐይን መግለጥ መክፈት ካልሆነ ምንድነው?

ጣና ዳር፦ ቆይ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሞተር ጀልባ ሲያልፍ ከኋላው ውሃው ለሁለት ይከፈልና ማዕበሉ ይመጣል፣ ደንገል ታንኳ ላይ ያሉት ቀድመው ጫፏን ወደ እሱ ያዞሯታል፣ ያ የውሃ ዱካም በእንግሊዝኛ ዌክ ነው። ግን ከእንቅልፉ ጋር አይዛመድም፣ ከኖርስ፣ ከድሮው የስካንዲኔቪያ ቋንቋ፣ የመጣ ነው ይላሉ፣ በረዶ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ። እነሱም እንደኛው መንቃትና መሰንጠቅ አንድ ቃል ላይ ገጠመላቸው ማለት ነው!

ዘዋሸራ፦ ይሄስ ግሩም ነው፣ አላሰብኩትም ነበር።

ጎህ ቀደደ፦ ታዲያ ድንገት መግጠም ካለ ወጋገንን ለምን ከለከላችሁኝ?

የጀልባው ልጅ፦ ኧረ እየወጡ ነው፣ ምን ልበላት?

የሸክላ ሰፈር፦ ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጥናሽ በላት። ሌሊቱን አብረሃት የምታመሽ ከሆነም ያው ዌክ ነው።

ዘዋሸራ፦ እህቴ፣ ማምሸትና ማደር ግን ይለያያል።