ጃቫ ስዊንግ፦ ፎቶ ላይ የሳልኩት ሳጥን መስኮቱን ሳሳንሰው ይጠፋል

ጀማሪው፦
ሰላም ጓዶች። በጃቫ 17 እና በስዊንግ (የጃቫ የመስኮት መሥሪያ ላይብረሪ) አንድ ትንሽ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ፎቶ ይከፍታል፣ ከዛ ሰውዬው በማውስ እየጎተተ ፎቶው ላይ ቀይ ሳጥን ይስላል፣ በቃ ይኸው ነው። ፎቶውን ፔይንትኮምፖነንት (ፓነሉን የሚስለው ሜተድ) ውስጥ በኢሜጅአይኦ ዶት ሪድ ከፋይሉ አነበዋለሁ፣ እዛው እስለዋለሁ። ሳጥኑን ግን ማውስድራግድ (ማውሱ ሲጎተት የሚጠራው ሜተድ) ውስጥ ጌትግራፊክስን (የፓነሉን መሳያ የሚሰጠውን) ጠርቼ በድሮውሬክት ነው የምስለው። ሲሳል ያምራል። መስኮቱን አሳንሼ ስመልሰው ፎቶው አለ፣ ሳጥኖቹ የሉም። ደግሞ የመስኮቱን መጠን በቀየርኩ ቁጥር ይንቀራፈፋል። ፎቶው 4000 በ3000 ፒክስል ነው። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፣ ምን እያጠፋሁ ነው?

ድንገቴ፦
ሳጥኑን ከሳልክ በኋላ ሪፔይንትን ጥራ፣ ይስተካከላል።

ሸራ፦
ድንገቴ፣ እንደዛ ካደረገማ ሳጥኑ ወዲያው ነው የሚጠፋው። ሪፔይንት ማለት ለስዊንግ "ፓነሉን እንደገና ሳለው" ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ስለ ሳጥኑ የሚያውቀው ነገር የለም።

ጀማሪው፣ ጥፋቱ ጌትግራፊክስ ላይ ነው። በእሱ የሳልከው ስክሪኑ ላይ ለጊዜው ይታያል እንጂ የትም አይቀመጥም። መስኮቱ ሲመለስ ወይም መጠኑ ሲቀየር ስዊንግ ፔይንትኮምፖነንትን ራሱ ይጠራል፣ እዛ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ማውሱ አይሳል፣ ይመዝግብ ብቻ። የሬክታንግል ሊስት ያዝ። ማውሱ ሲጫን መነሻ ነጥቡን አስቀምጥ፣ ሲጎተት የአሁኑን ሳጥን አድስና ሪፔይንት በል፣ ሲለቀቅ ሊስቱ ላይ ጨምረው። ፔይንትኮምፖነንት ውስጥ መጀመሪያ ሱፐር ዶት ፔይንትኮምፖነንት (የድሮውን ስዕል የምታጸዳው እሷ ናት፣ እሷን የረሳ ሰው የድሮው ስዕል ቅሪት ሲያናድደው ይውላል፣ ከራሴ ነው የማወራው)፣ ቀጥሎ ፎቶው፣ ከዛ ሊስቱን በፎር ሉፕ፣ መጨረሻ ላይ እየተጎተተ ያለው ሳጥን።

መንቀራፈፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፎቶውን በየስዕሉ ከዲስክ እያነበብከው ነው! 4000 በ3000 ማለት 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው፣ በአንድ ፒክስል 4 ባይት ብትይዝ 48 ሚሊዮን ባይት። ይሄን ሁሉ እየፈታህ ያለኸው ስዊንግ ማውሱንም ስዕሉንም በሚያስተናግድበት በዛው አንድ ትሬድ (የሥራ መስመር) ላይ ነው፣ ታዲያ እንዴት አይንቀራፈፍ? አንዴ አንብበህ በፈርድኢሜጅ (ሚሞሪ ላይ ያለ ምስል) ፊልድ ውስጥ አስቀምጠው። የተመለሰው ነል (ባዶ) እንዳልሆነም አረጋግጥ። ለምሳሌ ዌብፒ ፎቶ ብትሰጠው ያለ ተጨማሪ ላይብረሪ ማንበብ አይችልም፣ ኤክሰፕሽን ሳይወረውር ዝም ብሎ ነል ይመልስልሃል።

ጀማሪው፦
ኧረ ሸራ እድሜ ይስጥህ! ሁለቱም ተስተካከለ። አሁን ግን ከታች ወደ ላይ ወይም ከቀኝ ወደ ግራ ስጎትት ምንም አይሳልም። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ከሆነ ሰላም ነው።

ነጠላ ሰረዝ፦
ወደ ኋላ ስትጎትት ስፋቱ ወይም ቁመቱ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ድሮውሬክት ደግሞ ኔጌቲቭ ሲሰጡት ዝም ነው የሚለው። የሳጥኑን መነሻ ከሁለቱ ነጥቦች በማዝ ዶት ሚን (ትንሹን) ውሰድ፣ ስፋትና ቁመቱን የልዩነታቸው ማዝ ዶት አብስ (ያለ ኔጌቲቭ ምልክቱ) አድርገው።

ጀማሪው፦
ሠራ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ አትሰልቹኝ። ሳጥኖቹን ትልቁ ፎቶ ላይ ስዬ በጄፔግ ላስቀምጥ ስል ፋይሉ አይፈጠርም፣ ስህተትም የለም። በፒኤንጂ ሳስቀምጠው ይፈጠራል፣ ግን ሳጥኖቹ ሁሉ ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ተሰብስበው ትንንሽ ሆነዋል።

ቀለም ቀቢ፦
ሁለተኛው ይቅደም። ፎቶውን ስክሪን ላይ አሳንሰህ ነው የምታሳየው አይደል? 4000 በ3000ውን በ800 በ600 ፓነል ላይ ከሳልከው ስኬሉ (የማሳነሻው ልክ) 0.2 ነው። ስክሪኑ ላይ 100 እና 60 ላይ የተጫነ ነጥብ ፎቶው ላይ 500 እና 300 ነው። ስለዚህ የማውሱን ቁጥር ለስኬሉ አካፍለህ፣ ሊስቱ ውስጥ ሁሌም በፎቶው ልክ አስቀምጥ። ስክሪን ላይ ስትስል ብቻ በስኬሉ ታባዛለህ። እንዲህ ካደረግክ መስኮቱ ሲሰፋም ሳጥኖቹ ከፎቶው ጋር ይሄዳሉ።

ጄፔጉን በተመለከተ፣ የምታስቀምጠው ምስል ታይፕ ኢንት ኤአርጂቢ (ከቀለሙ ጋር አልፋ፣ ማለትም የግልጽነት መጠን የሚይዝ) ነው ብዬ እገምታለሁ። የጃቫ ጄፔግ ጸሐፊ አልፋ ያለው ምስል አይቀበልም። ኢሜጅአይኦ ዶት ራይት ፎልስ (አልተሳካም) ብሎ መልሶልሃል፣ አንተ ግን የመለሰውን አላየኸውም። በታይፕ ኢንት አርጂቢ (አልፋ የሌለው) አዲስ በፈርድኢሜጅ ፍጠር፣ በክሪኤትግራፊክስ ፎቶውንና ሳጥኖቹን ሳልበት፣ ግራፊክሱን (መሳያውን) ዲስፖዝ አድርግ (ልቀቀው)፣ አዲሱን ምስል አስቀምጥ።

ጀማሪው፦
ኤአርጂቢ ነበር፣ ልክ ነህ። አሁን ጄፔጉ ተቀመጠ፣ ሳጥኖቹም ቦታቸው ላይ ናቸው። ግን ትልቁ ፎቶ ላይ መስመሩ እንደ ፀጉር ቀጥኗል።

ነጠላ ሰረዝ፦
ውፍረቱንም ለስኬሉ አካፍለው። ቤዚክስትሮክ (የመስመሩ ውፍረት) 2 የነበረው 10 ይሁን።