የሴፓሬተሩ ግፊት ከተቀነሰ ወዲህ ፈሳሽ ከጋዙ ጋር እየወጣ ነው፤ ምን ልመርምር?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ፣ ድፍድፍ ነዳጅ ከጋዝ በሚለይበት ጣቢያ የመስክ ኦፕሬተር ነኝ። የጉድጓዶቹ ግፊት እየደከመ በመምጣቱ፣ ምርት እንዳይቀንስ ሲባል ቀጥ ብሎ የቆመው ሴፓሬተራችን (ዘይትና ጋዝ የሚለያዩበት ዕቃ) የሚሠራበት ግፊት ከ20 ባር ወደ 10 ባር ዝቅ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ከኮምፕረሰሩ (ከጋዝ መጭመቂያው) በፊት ያለው ስክራበር፣ ማለትም ከጋዙ ጋር የመጣ ፈሳሽ የሚያስቀረው ዕቃ፣ ቶሎ ቶሎ ፈሳሽ ይሞላል፤ ኮምፕረሰሩም በዚሁ ምክንያት ሌሊት ሁለት ጊዜ በራሱ ቆሟል። ግራ ያጋባኝ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ የሴፓሬተሩ የዘይት ከፍታ ሁልጊዜ 50 በመቶ ላይ ረግቶ መታየቱ ነው።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ከስክራበሩ ናሙና ይቅዱ፤ ጋዙ መርዛማው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሊኖረው ስለሚችል ግን ያለ መተንፈሻ መሣሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዳይሞክሩት። ፈሳሹ ጥርት ያለ ከሆነ ጋዙ በቧንቧ ውስጥ ሲቀዘቅዝ የተፈጠረ ኮንደንሴት ነው፤ ከጠቆረ ግን ድፍድፉ ራሱ ተጠርጎ መጥቷል ማለት ነው።

ጠያቂው፦
ዛሬ ጠዋት ቀዳን። ጥቁር ቡናማ ነው፤ በጠርሙሱ ውስጥም አረፋው ለመብረድ ደቂቃዎች ፈጅቶበታል።

መልስ 2፦
የፕሮሰስ መሐንዲስ ነኝ። የጋዙ መጠን በክብደት ባይለወጥም ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ ይዘቱ እጥፍ ስለሚሆን፣ በዚያው ዕቃ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣበት ፍጥነትም እጥፍ ይሆናል። ጠብታዎችን ሳያንሳፍፍ እንዲወጣ የሚፈቀድለት ፍጥነት ግን የሚያድገው የዘይቱና የጋዙ እፍጋት ልዩነት ለጋዙ እፍጋት ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ብቻ ነው። ለምሳሌ የዘይቱን እፍጋት 800፣ የጋዙን በ20 ባር 16፣ በ10 ባር 8 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ እንበል፤ የሽቦ መረብ ላለው ዲሚስተር (በጋዙ መውጫ በኩል ጠብታ ለሚይዘው ክፍል) የተለመደውን 0.1 ሜትር በሰከንድ ቋሚ ማባዣ ብንይዝ፣ የተፈቀደው ፍጥነት በ20 ባር 0.7፣ በ10 ባር 1.0 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይመጣል። ቀድሞ በ0.6 ይሠራ የነበረ ሴፓሬተር አሁን 1.2 ላይ ነው፤ ዲሚስተሩ በፈሳሽ ቢጥለቀለቅ አይደንቅም። የራሳችሁን አኃዝ አስገብታችሁ አስሉት።

መልስ 3፦
የኢንስትሩመንት ባለሙያ እንደመሆኔ ስለ 50 በመቶው ልናገር። ንባቡን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ትራንስሚተር የሚለካው በግፊት ልዩነት ከሆነ፣ የሚያውቀው የፈሳሹን ክብደት እንጂ የላዩን ጫፍ አይደለም። ግፊት ሲቀንስ በዘይቱ ውስጥ የሟሟው ጋዝ በብዛት ይወጣና አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ቀላል ስለሆነ ዲሚስተሩን እስኪነካ ቢያድግም ንባቡ እምብዛም አይነቃነቅም። ብዙ ሰው ሳይት ግላስ (በዕቃው ጎን ያለው የከፍታ ማያ መስታወት) ያድነኛል ብሎ ይሮጣል፤ በመስታወቱ ውስጥ ያለው ግን አረፋው የበረደለት ዘይት በመሆኑ እሱም ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ የላብራቶሪው ሰዎች በሚፈቅዱት መጠን ለአንድ ፈረቃ አረፋ ማጥፊያ ሞክሩና ስክራበሩ የሚሞላበትን ጊዜ ከትናንቱ ጋር አስተያዩ። ሲሊኮን ያለበት ማጥፊያ ከበዛ የማጣሪያ ፋብሪካን ካታሊስት (ኬሚካላዊ ለውጥ አፋጣኝ) ስለሚጎዳ እጃችሁን አትልቀቁ።

ጠያቂው፦
የዘይቱን ከፍታ ወደ 30 በመቶ ዝቅ ብናደርገውስ?

መልስ 2፦
ለአረፋው ቦታ ይሰጣል፤ የጋዙን ፍጥነት ግን አይቀንሰውም። ከመጠን በላይ ከወረደ ደግሞ ጋዝ በዘይት መውጫው ሾልኮ ዝቅተኛ ግፊት ወዳለው ቀጣይ ታንከር ሊገባ ይችላል፤ ይህ ከአሁኑ ችግር እጅግ የከፋ አደጋ ነው። እኔ ብሆን ግፊቱን ወደ 15 ባር ልመልሰው እጠይቃለሁ፤ በምሳሌው ስሌት ፍጥነቱ 0.8፣ የተፈቀደው 0.81 ስለሚሆን ለጥቂት ያልፋል። ከዚያ በታች መሥራት ግድ ከሆነ ከፊሉን ምርት ወደ ሁለተኛ ሴፓሬተር ማዞር ወይም የውስጥ ክፍሎቹን መለወጥ ያስፈልጋል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ስሌቱን በራሳችን አኃዝ ሠርቼ ለፈረቃ ኃላፊዬ አቀርባለሁ፤ የአረፋ ማጥፊያውን ሙከራ የምንጀምረው ላብራቶሪው መጠኑን ሲወስን ነው።