ሜዳችን ላይ የስፖርት አዳራሽ ይሰራ? ከተሰራስ ለተጫዋች ነው ለተመልካች?

የመረብ ኳስ አሰልጣኟ፦
ሰላም ጎረቤቶች። ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ስትሄዱ ውስጥ ለውስጥ ያለውን ሜዳችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከባቡር ጣቢያው በእግር ብዙም አይርቅም። ግማሹ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሌላው ግማሽ ላይ አሸዋ፣ ጠጠርና የተሰበረ ብሎኬት ተከምሯል። የሰፈሩ ኮሚቴ እዚያ ላይ ባለብዙ ስፖርት አዳራሽ እንዲሰራ ለወረዳው ሃሳብ ሊያቀርብ ነው። እስካሁን የመጣው ሃሳብ ሁለት ነው። አንዱ 5,000 ተመልካች የሚይዝ ትልቅ አዳራሽ ነው። ሌላው መቀመጫው ጥቂት፣ መጫወቻው ሰፊ የሆነ የሰፈር አዳራሽ ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምለው። ምክንያቴን ልናገር፣ እናንተም ተናገሩ።

ክረምት ላይ ሴት ልጆችን የማሰለጥነው አስፋልት ላይ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹ መጥረጊያ ይዘው ውሃውን ወደ ቦዩ ይገፋሉ። ግማሽ ሰዓት ይገፋሉ። መሬቱ ሲደርቅ ይመሻል። መረቡን ሳንወጥር ወደ ቤት የተመለስንበት ቀን ብዙ ነው። እነዚህ ልጆች አሁን የሚፈልጉት ጣሪያ ነው። የሚያጨበጭብላቸው 5,000 ሰው ቆይቶ ይደርሳል።

ስለ ልኩ፣ ጀርመን አገር ለትምህርት ቤትና ለሰፈር የሚሰራ አንድ የታወቀ መጠን አለ። 45 በ27 ሜትር ሆኖ ከፍታው 7 ሜትር ነው። በሁለት መጋረጃ ሲከፈል ሦስት ቦታ ይወጣዋል፣ እያንዳንዱ 15 በ27። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ነው። በየጎኑ 3 ሜትር ክፍት ቦታ ስትጨምሩበት 24 በ15 ይሆናል። ልክክ ብሎ ይገባል። ሦስት ቡድን በአንድ ሰዓት ይሰለጥናል ማለት ነው። መጋረጃው ሲነሳ ደግሞ 40 በ20 የሆነ የእጅ ኳስና የፉትሳል፣ ማለትም የአዳራሽ እግር ኳስ፣ ሜዳ አለን። ቅርጫት ኳሱ 28 በ15 ስለሆነ መሃል ላይ ይቀመጣል። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?

የድሮ ተጫዋች፦
ልጄ፣ ያልሽው ለልምምድ ጥሩ ነው። ግን ይቺ ከተማ የአፍሪካ መዲና ናት እንላለን። በ1954 ግብጽን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳነው እዚሁ አጠገባችን፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ነው። በ1960 እና በ1968ም ውድድሩን አስተናግደናል። በ1968ቱ አባቴ እጄን ይዞ አስገብቶኛል። ኳስ የወደድኩት የዚያን ቀን ነው። ለመረብ ኳስና ለእጅ ኳስ ልጆችም እንዲህ ያለ ቀን እመኛለሁ።

7 ሜትር ብለን ከገነባን ግን በሩን ራሳችን ዘጋነው። ለመረብ ኳስ የዓለም ውድድር ከወለል እስከ ጣሪያ 12.5 ሜትር ነጻ ቦታ ይጠየቃል። ጣሪያ አንዴ ከተመታ በኋላ ከፍ በል ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ ትልቁን እንስራ ባይ ነኝ።

የሜዳው ልጅ፦
ሁለታችሁም ስለ አዳራሹ መጠን ትከራከራላችሁ። ሜዳውስ? እኔ እዚያ ሜዳ ላይ ነው ያደግሁት። ታናሽ ወንድሜ አሁንም ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳውን ጎል አድርጎ ይጫወትበታል። መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ሳይከፍልና ሳይጠየቅ የሚሮጥበት ቦታ ስንት ቀረ? ቁጠሩልኝ እስቲ።

አዳራሽ በር አለው። በር ዘበኛ አለው። ዘበኛው መታወቂያ ይላል፣ ደረሰኝ ይላል፣ ጫማህ ቆሽሿል ይላል። ወንድሜ ጫማ የለውም፣ ያለው ሸበጥ ነው። እኔ አይሰራ ነው የምለው። መሰራት ካለበትም ብሎኬቱ የተከመረበት ላይ ብቻ ይሰራ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦
እኔ ከገንዘቡ በኩል ልምጣ። የሕዝብ ቦታ ሲመረቅ ሁሉም ያጨበጭባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ወር ማንም አያስብም። የጥበቃ ደሞዝ አለ፣ ጽዳት አለ፣ መብራት አለ፣ ውሃ አለ፣ የተሰበረ መስታወት አለ። ይህን ማን ይከፍላል? ከሰፈር ልጅ የሚሰበሰብ መዋጮ አይሸፍነውም። ጋሼ እንዳሉት ትልቅ ከሆነ ግን ኮንሰርት ይከራያል፣ ሠርግ ይከራያል፣ ባዛር ይከራያል። በዓመት ጥቂት ትልልቅ ድግስ ልጆቹን በነጻ ያጫውታል። ይህን ስል ስፖርት ጠልቼ አይደለም። በሩ ተዘግቶ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የማይታወቅ አዳራሽ ስላየሁ ነው።

የመረብ ኳስ አሰልጣኟ፦
ወንድሜ፣ የወር ወጪውን ያነሳኸው ትክክል ነው፣ እኔም ዘልዬው ነበር። በሠርጉ ላይ ግን አልስማማም። ለውድድር የሄድንበትን አንድ አዳራሽ ልንገርህ። ወለሉ እንጨት ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ሳምንት ድግስ ነበረበት። የብረት ወንበር እግር የቦጨቀው ጭረት በሙሉ ይታያል። ጣሪያው ያፈስ ነበርና ቁጥር አራት ላይ፣ መቺዋ ተንደርድራ የምትነሳበት ቦታ፣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ባልዲ አስቀምጠውበታል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ባልዲውን አነሱልን። የጨዋታው ሁለተኛ ዙር ላይ ልጄ እዚያ ላይ አረፈችና ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ሁለት ወር ተቀመጠች።

የአዳራሹ ዋናው ነገር ወለሉ ነው። ሰው ሲመጣ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ ወንበሩን ይቆጥራል። ተጫዋች ግን ወለሉን ነው የሚኖርበት። ሲሚንቶ ላይ ሴራሚክ ለጥፎ ስፖርት አዳራሽ ማለት የልጅ ጉልበት መብላት ነው። ከስሩ የሚለጠጥ፣ ስትዘል የምትመታውን ኃይል የሚቀንስ ወለል ያስፈልጋል። ገንዘብ ካነሰ ከወንበሩ ይቀነስ። ከወለሉ አይቀነስ።

ኢንጂነሩ፦
ስለ ጣሪያው ልጨምር፣ ምክንያቱም ወለሉን የሚያጠፋው ጣሪያው ነው። 45 በ27 ማለት 1,215 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በዘነበ ቁጥር 1,215 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንድ ጊዜ ዶፍ ወርዶ 30 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ከ36,000 ሊትር በላይ ነው። ያን ሁሉ ውሃ አሸንዳው ተቀብሎ ማውረድ አለበት። በረዶ ሲጥል ደግሞ አሸንዳው ይደፈናል፣ ውሃው ይመለሳል። አሸንዳው ከሜዳው በላይ ካለፈ ቁጥር አራት ላይ ባልዲ ይቀመጣል ማለት ነው። ስለዚህ ጣሪያው ወደ ሁለቱ ጎን ያዘቅዝቅ፣ አሸንዳው ከግድግዳው ውጭ ይሁን፣ ቢሞላ እንኳን ወደ ደጅ ይፍሰስ። ውሃውን ሮቶ ውስጥ አጠራቅመን ለመጸዳጃ እንጠቀምበታለን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነጠላ ቆርቆሮም አይሆንም። ዝናብ ሲመታው የዳኛ ፊሽካ አይሰማም። መሃሉ የተሞላ ባለ ሁለት ሽፋን ይሁን።

ደግሞ በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው ርዕደ መሬት እዚህ ድረስ መሰማቱን አትርሱ። 27 ሜትር ያለ ምሰሶ የሚዘረጋ ብረት በዘልማድ አይሰራም። የአገራችን የህንጻ ኮድ የርዕደ መሬት ክፍል አለው፣ በእሱ ተሰልቶ ይሰራ። ክፉ ቀን ቢመጣ ሰፈሩ የሚጠለለው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት፦
እናንተ ስለ ሜትር ስታወሩ እኔ ስለ መጸዳጃ ቤት ልጠይቅ። የሴቶች ልብስ መቀየሪያ የሚቆለፍ በር ይኖረዋል? ልጄ ልምምድ ጨርሳ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስትወጣ ከበሩ እስከ አስፋልቱ መብራት አለ? ይህ ከሌለ ወለሉ ወርቅ ቢሆን አልልካትም። ብዙ እናት እንደኔ ነው የምታስበው።

አርክቴክት፦
እህቴ ያነሳችው ዲዛይኑ ከወረቀት ሳይወጣ የሚወሰን ጉዳይ ነው። መግቢያው ከመንገዱ የሚታይ ይሁን፣ ከኋላ አይሁን። ከመንገድ በኩል ሻይ ቤትና አንድ ሁለት ሱቅ ብናስቀምጥ እስከ ማታ ሰው ይኖራል፣ መብራትም ይኖራል። ሒሳብ ሠራተኛው የጠየቀው ኪራይም ከዚያ ይመጣል። ወለሉን ሳንነካ።

ስለ አቅጣጫው ደግሞ፣ ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ። መስኮት በሰሜንና በደቡብ፣ ከፍ ብሎ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ስላለች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት ብዙም አትርቅም። ከመስኮቱ በላይ ወጣ ያለ አጭር ከለላ ሁለቱንም ጎን ይከላከላል። ምዕራብ በኩል መስኮት ካለ ግን 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዓይን ውስጥ ትገባለች። ኳስ ለመቀበል ቀና ያለች ልጅ ምንም አይታያትም። በደንብ ከተሰራ ቀን ቀን አምፖል ሳይበራ ልምምድ ይካሄዳል። መብራት ቢጠፋም ልጅ አይበተንም። ለማታው የአውሮፓው መለኪያ ለልምምድ 200፣ ለክለብ ውድድር 500 ሉክስ ይላል፣ ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። በሁለት ማብሪያ እንከፍለዋለን፣ የወር ክፍያውም ይቀላል።

የእጅ ኳስ ዳኛ፦
አንድ ሁሌ የሚረሳ ነገር ልናገር፣ እቃ ቤት። የእጅ ኳስ ጎል ውስጡ 3 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ብረቱ ሲጨመር ይበልጣል። የእቃ ቤቱ በር ተራ በር ከሆነ ጎሉ አይገባም። ስለዚህ አዳራሹ ጥግ ላይ ተደግፎ ይቆማል፣ ሕጻን ይንጠለጠልበታል፣ ይወድቃል። ጎል ወለል ላይ የሚታሰርበት ቀዳዳ ከመጀመሪያው ይተው። እቃ ቤቱ በረጅሙ ጎን፣ ለሦስቱም ቦታ የሚከፈት፣ በሩ ሰፊ ይሁን። የመረቡ ብረት፣ የጠረጴዛ ቴኒሱ፣ የቴኳንዶው ምንጣፍ ሁሉ ቦታ ይፈልጋል።

መስመሩንም አታብዙት። የሁሉም ስፖርት መስመር ከተቀባ እኔ ራሴ ፊሽካ ይዤ እሳሳታለሁ። ሦስት ቀለም ይበቃል።

የድሮ ተጫዋች፦
ስለ ወለሉና ስለ ዝናቡ የተባለው ገብቶኛል። ግን ከፍታውን ማንም አልመለሰልኝም።

የመረብ ኳስ አሰልጣኟ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ልመልስልዎ። 5,000 ሰው ጨዋታ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የኛን መንገድ ያውቁታል፣ ሁለት ሚኒባስ ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አምቡላንስ ቢመጣ በየት ይገባል? ለአገር አቀፍ አዳራሽ ሰፊ መንገድና ሰፊ ግቢ ያለው ቦታ ይፈለግ፣ እኔም አብሬዎት እጠይቃለሁ። በከፍታው ግን አሸንፈውኛል። 7 ሜትር ለመረብ ኳስ ትንሹ ነው። ባድሜንተንም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። 9 ሜትር ብለን እንጻፍ። መቀመጫውም ወደ ግድግዳው የሚታጠፍ፣ ለጥቂት መቶ ሰው የሚሆን ይሁን። አባት ልጁን ይዞ የሚገባበት ቦታ ይኑር።

የድሮ ተጫዋች፦
9 ሜትር ጥሩ ነው። የወንበሩ ነገር አሁንም ይቆጨኛል። ተቃውሞዬ ይጻፍልኝ።

የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ተጫዋች፦
እስካሁን ስለኛ የተናገረ የለም። የምንጫወተው በዚያው 28 በ15 ሜዳ፣ በዚያው 3.05 ሜትር ከፍታ ባለው ቀለበት ነው። የተለየ ሜዳ አንፈልግም። ችግራችን በሩ ነው። የመጫወቻ ዊልቸር ጎማው ወደ ውጭ የተንጋደደ ስለሆነ ከተራው ይሰፋል። 90 ሳንቲ ሜትር በር ላይ ይያዛል። ጎማ ፈትቼ ገብቼ አውቃለሁ፣ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ መልሼ ገጥሜ። የ2001ዱ የህንጻ አዋጅ የሕዝብ ህንጻ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲሆን ደንግጓል። መወጣጫው ግን በየቦታው ለይስሙላ ይሰራል፣ ቀጥ ያለ ነው፣ እጄ አይገፋውም። ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ይዘርጋ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ወለሉን ከግቢው እኩል ማድረግ ነው፣ ያኔ መወጣጫም አያስፈልግም።

አርክቴክት፦
እኩል ይሆናል። የጎርፉን ውሃ በቦይ እናዞረዋለን። የመጫወቻ ቦታው በር ሁለት ተካፋች ይሁን፣ የጎሉም የዊልቸሩም ችግር አንድ ላይ ይፈታል። ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፣ እሳት ቢነሳ ሰው ገፍቶ እንዲወጣ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦
ሱቁና ሻይ ቤቱ ወጪውን ይሸፍናል ብዬ አሁን መፈረም አልችልም። ሠርጉ ይቅር፣ እሺ። ለመሥሪያ ቤት ቡድኖች ግን የማታ ሰዓት ይከራይ። ከ2 ሰዓት በኋላ ልጅ የለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓትም ስፖርት የሚሠራ ሠራተኛ አለ። የሰዓት ሠንጠረዡ ከዲዛይኑ ጋር አብሮ ይቅረብ።

የሜዳው ልጅ፦
የኔን ጥያቄ ሁላችሁም ዘለላችሁት።

የመረብ ኳስ አሰልጣኟ፦
አልዘለልኩትም፣ መልስ ስላጣሁ ነው ዝም ያልኩት። ብሎኬቱ ያለበት ቦታ 45 በ27፣ ከዚያ ላይ ልብስ መቀየሪያና እቃ ቤት ይይዛል ወይ? ካልያዘ መጋረጃው አንድ ይሁን፣ አዳራሹ 44 በ22 ይሁን። ልምምዴ ከሦስት ወደ ሁለት ይወርዳል፣ ግን ሜዳው ይተርፋል። ሃሳቡ ላይ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ ክፍቱ ሜዳ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ አይታጠርም፣ አይከፈልበትም። የሰፈር ልጅ በሸበጥ ቢመጣ አዳራሹ ውስጥ የሚጫማው ጫማ እቃ ቤቱ ውስጥ ይኖራል። ይበቃሃል?

የሜዳው ልጅ፦
አይበቃኝም። የተጻፈ ነገር ሲቀየር አይቻለሁ። ግን መለካቱን እስማማለሁ፣ አብሬ እለካለሁ።

ኢንጂነሩ፦
ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባለ 50 ሜትሩን ሜትር ይዤ እመጣለሁ። አንድ ሰው ጫፉን ይያዝልኝ።

የሜዳው ልጅ፦
እኔ እይዛለሁ። ከሰሜኑ አጥር ጀምረን እንለካ፣ ከባህር ዛፎቹ ወዲህ። ዛፎቹ ስር ትናንሾቹ ልጆች ይቀመጣሉ፣ እዚያ ችካል አይተከልም።