ጣልቃ አለመግባት ገለልተኝነት ነውን?

ጥያቄ (ከደሴ)፦
በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1936–1939) ጀርመንና ኢጣሊያ ጣልቃ ላለመግባት ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ተስማምተው ሳለ፣ በስፔን መንግሥት ላይ ላመፀው ለጄኔራል ፍራንኮ አውሮፕላንና ወታደር ይልኩ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገለልተኛ መሆን ለአንዱ ወገን ማድላት አይሆንምን?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
ይሆናል እላለሁ፣ ወንድሜ። ስምምነቱ ሕጋዊው የሪፐብሊኩ መንግሥት መሣሪያ እንዳይገዛ በሩን ሲዘጋበት፣ ለፍራንኮ የሚላከውን አላስቆመም፤ መንግሥቱን በይፋ የረዱት በዋናነት ሶቪየት ኅብረትና ሜክሲኮ ነበሩ። እኛ ወሎዬዎች ይህን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1935 እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢጣሊያም ለኢትዮጵያም መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲከለክሉ፣ የራሷ ፋብሪካዎች የነበሯት ኢጣሊያ ብዙም አልተጎዳችም፤ ደሴም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአየር ተደበደበች።

ሌላ መልስ (ከደሴ)፦
በሐሳብዎ እስማማለሁ፤ ሆኖም ገለልተኝነት ግዴታም እንዳለው መታወቅ አለበት። ብሪታንያ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ገለልተኛ መሆኗን እ.ኤ.አ. በ1861 ብታውጅም፣ በግዛቷ የተሠራችው «አላባማ» የተባለች የጦር መርከብ ለደቡቡ ወግና የሰሜኑን የንግድ መርከቦች በማጥፋቷ፣ የጄኔቫው የግልግል ጉባኤ በ1872 ብሪታንያ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ወስኗል።