ጥቆማ፦ የፊት ጎማዋ በውስጥ ጎን ለሚበላ አሮጌ ኮሮላ

ጠያቂ
ኮሮላ 110 ናት። የሁለቱም የፊት ጎማ የውስጥ ጎን ተላጭቶ ሽቦው ሊወጣ ደርሷል፤ የውጭው ጥርስ ገና ግማሹ አልሄደም። በኮምፒውተር የሚሠራው አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ይሻላል ወይስ የሰፈር ጎሚስታ በሜትር የሚለካው ይበቃል? የመለዋወጫና የጎማ ማርካም ጠቁሙኝ።

ዳዶና ቡሎን
ወንድሜ፣ አላይመንቱን ለመጨረሻ አቆየው። ማሽኑ የሚያነበው መኪናዋ ቆማ ሳለ ያለውን ነው። ብራቾዋ (ጎማውን ከሥር የሚይዘው ክንድ) ላልቶ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ሁሉ አረንጓዴ ይሆንልህና መንገድ ላይ ጎማው የፈለገበት ይዞራል።

በመጀመሪያ መዳፍህን በጥርሱ ላይ አሳልፍ። ከውጭ ወደ ውስጥ ስትጎትት እንደ መጋዝ የሚይዝህ፣ ስትመልሰው ግን የሚለሰልስ ከሆነ ጎማዎቹ ከፊት በኩል ተከፍተዋል፤ ጋራዥ ውስጥ ቶ አውት የሚሉት ይኸ ነው። በተቃራኒው ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሆን የሚይዝህ ከሆነ ቶ ኢን ነው፤ እሱ የሚበላው የውጭውን ጎን ነው። የመጋዝ ስሜት ሳይኖር አንዱ ጎን ብቻ ልሙጥ ሆኖ ከተበላ ካምበር (የጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል) ጠርጥር። ሁለቱም ጠርዝ ተበልቶ መሀሉ ከቀረ የንፋስ ማነስ ነው፤ መሀሉ ብቻ ከሄደ ደግሞ ንፋስ በዝቷል። ዙሪያውን ጎድጎድ ጎድጎድ ካለ የደከመ አሞርዛተር፣ ባላንስ ያጣ ጎማ ወይም የላላ ኩሽኔታ ነው። በዚህ ላይ አላይመንት ምንም አይሠራም።

ቀጥሎ በክሪክ አንሳትና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልህና ድገመው፤ ፍሬን ተይዞ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን (በብራቾው ጫፍ ያለውን ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) እይ። ከግራና ከቀኝ ይዘህ ስትወዘውዘው የሚነቃነቅ ከሆነ ታይሮድ ኤንድ (ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ጫፍ) ወይም ዘንጉን ግራና ቀኝ የሚገፋው የመሪው ራክ ነው። በ110 ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የታችኛው ብራቾ የኋላ ጎሚኒ (ብራቾው የሚታሰርበት ላስቲክ) ነው። በእጅ ስትነቀንቀው ደህና ይመስላል። በባትሪ አብርተህ በረጅም ብረት ስትፈለቅቀው ነው ላስቲኩ ከብረቱ ተላቅቆ የምታየው። እሱ ሲቀደድ ብራቾው በሄድክና ፍሬን በያዝክ ቁጥር ወደ ኋላ ይሳባል፣ ጎማው ይከፈታል፣ የውስጡ ጎን ይበላል። ያንተ ምልክት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ባለ ዲኤክስ
ጎሚኒ ስታስቀይር አንድ ነገር ቆመህ እይ። የብራቾው ቡሎን የመጨረሻ ጥብቂያ መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ቆማ ነው መሆን ያለበት። ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ከተጠበቀች ስትወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ጊዜውን ሳይጨርስም ይቀደዳል። አብዛኛው መካኒክ ስለሚቸኩል ይቺን ይዘላታል።

ሌላው በቶርኖ የሚቀረጸው የቴፍሎን ጎሚኒ ነው። ለባሌስትራ ይሁን፤ ለብራቾ የኋላ ጎሚኒ ግን አልመክርም። ያ ጎሚኒ መጠምዘዝም መጨመቅም አለበት፣ ቴፍሎን ግን አንዱንም አይችልም። ኮብልስቶን ላይ ንዝረቱ በቀጥታ ቦዲው ውስጥ ይገባል።

ኩሽኔታ
በማርካ በኩል፦ ለታይሮድ ኤንድና ለቦል ጆይንት ከቶዮታ ኦሪጅናል ቀጥሎ የጃፓኑ ሦስት አምስት (555 የሚል ማርካ) ጥሩ ነው። ግን መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላይ የካርቶኑን ጽሑፍ ብቻ አትመን። ዕቃውን አውጥተህ ጭንቅላቱን በጣትህ አንቀሳቅስ፤ አዲስ ቦል ጆይንት በእኩል ጥንካሬ ነው የሚዞረው፣ የሆነ ቦታ ላይ ለስለስ ካለ ተወው። ላስቲኩን ጫን አድርገህ በስንጥቁ ውስጥ ግሪስ እንዳይወጣ እይ። ለአሞርዛተር ካያባ፣ ለኩሽኔታ ኮዮ፣ ኤንኤስኬ ወይም ኤንቲኤን። አሞርዛተር በጥንድ ነው የሚቀየረው። የ110 የፊት ኩሽኔታ በፕሬስ ነው የሚገባው፤ በመዶሻ እየመታ ላስገባ የሚል ጋራዥ ካጋጠመህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ።

ብራቾውን ሙሉ መግዛት ወይስ ጎሚኒ ብቻ? ብራቾው ካልተጣመመና ቦል ጆይንቱ ደህና ከሆነ ጎሚኒው ብቻ ይበቃል። ርካሹ ሙሉ ብራቾ ላይ ብረቱ ደህና ሆኖ ላስቲኩ ደካማ የሆነ ብዙ ነው።

ጎሚስታ
ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ለቪትዝና ለኋለኛው ኮሮላ የኋላው አክስል አንድ ወጥ ስለሆነ የሚስተካከል ነገር የለውም፤ በሜትር በጥንቃቄ የሚለካ ጎሚስታ የፊቱን ቶ (የጎማዎቹን ከፊት መከፈት ወይም መጥበብ) ሊያስተካክልልህ ይችላል። 110 ግን የኋላ ጎማዋም የራሱ ቶ ማስተካከያ አለው። የኋላው ጠማማ ከሆነ መኪናዋ ሰያፍ ትሄዳለች፣ መሪውን አጣመህ ነው ቀጥ የምታደርጋት። ስለዚህ አራቱን ጎማ የሚያነብ ኮምፒውተር ያለበት ሂድ። የኋላው ማስተካከያ ዝጎ ስለሚይዝ ከአንድ ቀን በፊት ዘይት ርጭበት።

ጋራዡን የምትመርጠው በማሽኑ አዲስነት አይደለም። ሲጀምሩ የአራቱን ንፋስ ይለካሉ? መኪናዋ በር ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተከተል፤ ለዚች ብዙውን ጊዜ 30 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። የፊት ጎማው የሚቆምበት የሚዞር ሳህን መቆለፊያው ተነስቷል? ትክክለኛውን ሞዴል መርጠዋል? ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ወረቀት ይሰጡሃል? የ«በፊት» ወረቀት የማይሰጥ ጋራዥ ምን እንዳስተካከለ አታውቅም።

በቤትህ ለማረጋገጥ፦ መሬቱ ደልዳላ ይሁን። በሁለቱ የፊት ጎማ ኋላ በኩል፣ በአክስሉ ከፍታ፣ ጥርሱ መሀል ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግና ርቀቱን ለካ። መኪናዋን ወደ ፊት ግፋት፣ ምልክቶቹ በዚያው ከፍታ ከፊት ይምጡ፣ ደግመህ ለካ። የፊቱ ካነሰ ቶ ኢን፣ ከበለጠ ቶ አውት። የዚች ዓይነት መኪና ከዜሮ ብዙ መራቅ የለበትም፤ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። 3 ሚሊ ሜትር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ሁለቱ ጎማ ተደምረው በየኪሎ ሜትሩ 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋተጋሉ ማለት ነው።

ታይሮዱን ስታዞር ሩብ ዙር እንኳ አንድ ጎማ ላይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይለውጣል። ግራና ቀኙን እኩል ካላዞርክ መሪው ይጣመማል። የራኩን ላስቲክ ማሰሪያ ቀድመህ ፍታ፣ አለበለዚያ ላስቲኩ አብሮ ተጠምዝዞ ይቀደዳል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። አንድ ጋራዥ ግን የግራው ካምበር ጎድሏል፣ በፋብሪካው አይስተካከልም፣ በኦክስጅን አሙቀን እናቃናዋለን ብሎኛል።

ዳዶና ቡሎን
እንዳታስነካው። የሞቀ ብረት ይደክማል፤ ናክሉም (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) አሞርዛተሩም ከዚያ በኋላ አይታመኑም። አሞርዛተሩን ከናክሉ ጋር የሚይዙ ሁለት ቡሎኖች አሉ። ቶዮታ ለዚሁ ብሎ መሀሉ ቀጠን ያለ፣ ጭንቅላቱ ላይ ነጥብ ያለበት ማስተካከያ ቡሎን ይሠራል፤ እሱን ስትቀይር ናክሉ ትንሽ ይንቀሳቀስና ካምበሩ ይመጣል። በዚህ ካልደረሰ ጉድጓድ ገብቶ የታጠፈ ነገር አለ፤ ከቀኙ ጋር አወዳድረህ የታጠፈውን ቀይር። ካምበር ሲነካ ቶ አብሮ ይለወጣል፣ ስለዚህ ቶ ሁልጊዜ መጨረሻ።

ባለ ዲኤክስ
ጎማውን በተመለከተ፣ ያገለገለ ከገዛህ ጎኑ ላይ ያለውን አራት አሃዝ አንብብ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጎኑ ላይ የፀጉር ስንጥቅ ካለው አልመክርም። በጀቱ ለሁለት አዲስ ብቻ ከበቃ ሁለቱንም ባንድ አክስል ላይ አድርጋቸው። የተበላውን ከፊት ወደ ኋላ ማዞር ድምፁን ያርቀዋል እንጂ ችግሩን አይነካውም።

ባላንስንም ከአላይመንት ጋር አታምታታው። ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ ስትወጣ ከ80 እስከ 100 ላይ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ባላንስ ነው ወይም ቸርኬው ተጣሟል። ወደ ጎን የምትስብ ከሆነ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ቀያይር፤ ስበቱ አብሮ ከዞረ ጎማው ነው፣ በዚያው ከቀረ ወደ አላይመንቱ ተመለስ።

ጎሚስታ
ስትወጣ የታይሮዱን መቆለፊያ ዳዶ በቀለም ምልክት አስደርግበት። ከሳምንት በኋላ ምልክቱ ከተንቀሳቀሰ አልጠበቁትም ማለት ነው፤ ወረቀቱን ይዘህ ተመለስ።