የነሐስ ሜዳሊያዬን አረንጓዴ ዱቄት እየበላብኝ ነው

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነኝ። የእንግሊዙ ልዑል ኤድዋርድና የዴንማርኳ ልዕልት አሌክሳንድራ በ1863 እ.ኤ.አ. ዊንዘር ላይ ሲጋቡ ለመታሰቢያ የተሠራ የነሐስ ሜዳሊያ ከአያቴ ወርሻለሁ።

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ልዕልቷ አንገት ሥር ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ያወጣል። በስንጥር ስጠርገው ትንሽ ጉድጓድ ይታያል፤ ሰንበት ብሎ ደግሞ ይመለሳል። አንጀቴን በላው! የድሮው ዝገት እንዲህ አይደለም፣ እሱ ጠንካራ ነው። ይሄኛው ጨው ውስጥ የሚገኘው ክሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው የነሐስ በሽታ ይመስለኛል።

ፒያሳ አንድ አንጥረኛ በሎሚና በአመድ ልፈትገው ቢለኝ እምቢ አልኩ። ሎሚ ያንን የሚያምር ቡናማ መልኩን ይገፈዋል።

እባካችሁ፣ የምታውቁ ንገሩኝ። ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ብዘፈዝፈው ይሻለዋል? ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ፣ ሲሊካ ጄሉን፣ እዚህ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ በብዛት የሚሸጥ አለ?