ኦቶካድ ላይ መስመር ሲንቀጠቀጥና ሃች ሲጠፋ ለማን እንክፈል?

ሰሞኑን ሁለት የሙያ ባልደረቦቼ የሕንፃ ንድፍ መሣያውን ሶፍትዌር ኦቶካድን ሲከፍቱ መስመሩ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሃቹ (ቅርጽ ውስጥ የሚሞላው የመስመር ንድፍ) እንደሚጠፋና ከርሰሩ ጥላ እየጎተተ እንደሚሄድ ነግረውኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የትኛው ጥገና ቤት እንደሚሻል ጠየቁኝ። ጥገና ቤት ከመምረጥ በፊት ችግሩ የማሽኑ ነው ወይስ የድሮዊንጉ (የሥዕሉ ፋይል) የሚለውን መለየት ስለሚቀድም ከዚያ እጀምራለሁ።

ኦቶካድ ተዘግቶም ስክሪኑ የሚርገበገብ ወይም ባለቀለም ነጠብጣብ የሚያሳይ ከሆነ ጉዳዩ የኬብል፣ የስክሪን ወይም የግራፊክስ ካርድ ነው። ኦቶካድ ውስጥ ብቻ፣ ግን በሁሉም ድሮዊንግ ላይ የሚታይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የድራይቨር፣ ማለትም ግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር ነው። በአንድ ፋይል ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ለማንም ምንም አትክፈሉ። ይህን የምለው እኔ ራሴ ከፍዬ ስለተማርሁት ነው፤ አንድ ጥገና ቤት ላፕቶፔን ፎርማት አድርጎ ካስከፈለኝ በኋላ ግራፊክስ ካርዱ መቀየር አለበት ብሎኝ ነበር፣ ጥፋቱ ግን ከሰርቬየር (ከመሬት ቀያሽ) የተቀበልሁት ፋይል ሆኖ ተገኘ።

ይህ የሰርቬየር ፋይል ጉዳይ በአገራችን ብዙ ሰው ላይ ስለሚደርስ ትንሽ ላብራራው። የአዲስ አበባ የቅየሳ ሥራ በአብዛኛው በአዲንዳን ዳተም፣ በዩቲኤም ዞን 37 (ቦታን በሜትር በሚለካ የካርታ ሥርዓት) ስለሚሠራ የከተማችን ሰሜናዊ ኮኦርዲኔት ከዜሮ አንድ ሚሊዮን ሜትር ገደማ ይርቃል። ኦቶካድ ቁጥሩን በፋይሉ ውስጥ በ64 ቢት በጥንቃቄ ያስቀምጠዋል፤ ግራፊክስ ካርዱ ግን ምስሉን ሲስል ባብዛኛው የሚጠቀመው በ32 ቢት ቁጥር ነው፣ ይህም የሚይዘው ሰባት ያህል አሃዞችን ብቻ ነው። በዚያ ርቀት ላይ 32 ቢት ቁጥር ሊለየው የሚችለው ትንሹ ልዩነት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ መስመር ቢዘል ወይም ሃቹ ቢበታተን የሚያስገርም አይደለም። መፍትሔው ሕንፃውን በዜሮ ነጥብ አጠገብ መሣል፣ የቅየሳውን ፋይል ቅጂ በታወቀ ርቀት አዛውሮ በኤክስሬፍ (ሌላ ፋይልን ከሥዕሉ ጋር በሚያገናኘው ትእዛዝ) ማያያዝና የተዛወረበትን ቁጥር በድሮዊንጉ ላይ በግልጽ መጻፍ ነው። የሰርቬየሩን ዋና ፋይል ግን በፍጹም አትንኩት፤ የይዞታ ወሰን የሚመለሰው በእሱ ነው።

ጥፋቱ የድራይቨር ሲመስል መጀመሪያ ኦቶካድ ላይ «ግራፊክስኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፋችሁ ሃርድዌር አክስለሬሽኑን (ሥዕሉን በግራፊክስ ካርዱ የሚያስለውን ቅንብር) አጥፉትና እዩ። ግርግሩ ከቆመ የካርዱን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ፣ ከዚያም አክስለሬሽኑን መልሱት። ላፕቶፑ የኢንቴልና የኤንቪዲያ ሁለት ግራፊክስ ካለው፣ በዊንዶውስ የዲስፕሌይ ቅንብር ውስጥ ኦቶካድ ኃይለኛውን እንዲጠቀም ማዘዝ ያስፈልጋል። ክብ ነገር ማዕዘን አውጥቶ ከታየ ሥዕሉን የሚያድሰው «ሪጄን» የተባለው ትእዛዝ ብቻ ይበቃዋል።

የአማርኛ ጽሑፍ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ሲታይም ብልሽት የሚመስላቸው አሉ። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ከዩኒኮድ (ከዛሬው የጋራ የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ስለሆነ ነው፤ ፎንቱን ከላኪው ተቀበሉ፣ አዲስ ሥራ ላይ ደግሞ ኒያላን ወይም በነፃ የሚገኘውን አቢሲኒካን ተጠቀሙ።

ችግሩ በእርግጥ የማሽኑ ከሆነ የሰፈር ጥገና ቤትና የቦርድ ጥገና የሚሠራ ባለሙያ አንድ አይደሉም። የሰፈሩ አቧራ ለማጽዳት፣ ቴርማል ፔስት (ቺፑ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ለመቀየርና ኬብል ለማየት በቂ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ሙቀት ብቻውን ብዙ የስክሪን ግርግር ስለሚያመጣ ከዚህ መጀመር ይሻላል። የካርድ ቺፕ በሙቀት አሙቆ መልሶ መለጠፍ ግን ብዙ ጊዜ ስለማይበረክት፣ በጽሑፍ ዋስትና የማይሰጥን ሰው አልመክርም። ማንም ጋ ስትሄዱ የድሮዊንግ ፋይሎቻችሁን ቀድማችሁ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ።

ማሽን ለመቀየር ካሰባችሁ፣ ከጌሚንግ ላፕቶፕ ይልቅ ያገለገሉትን ዴል ፕሪሲዥን፣ ኤችፒ ዜድቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ እመርጣለሁ፤ የእነዚህ ድራይቨር ለዲዛይን ሶፍትዌሮች ተፈትኖ የሚወጣ ነው። ኳድሮ ኬ 1100 ኤም እና ኬ 2100 ኤም የተባሉት ግራፊክስ ካርዶች ያሉባቸውን ግን ዋጋቸው ቢያጓጓም ተዉአቸው፣ ኤንቪዲያ ለእነዚያ አዲስ ድራይቨር ማውጣቱን አቁሟል።

በሶፍትዌሩ በኩል፣ የኦቶካድ አምራች አውቶዴስክ የዘለቄታ ፈቃድ መሸጡን በ2016 እ.ኤ.አ. ስላቆመና የውጭ ምንዛሪ ክፍያው በየጊዜው ስለሚያስጨንቅ፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቆየው ኦቶካድን የሚመስለው የቤልጅየሙ ሶፍትዌር ብሪክስካድ ለትንንሽ ቢሮዎች ይስማማል ብዬ አምናለሁ። ሊብሬካድ ነፃ ነው፣ ግን ለሁለት ገጽታ ሥዕል ብቻ ነው። ተማሪዎች ኦቶካድን በትምህርት ፈቃድ በነፃ ያገኛሉ። ፈቃዱ የተሰበረ (ሕገወጥ) ኮፒ የሚጭንላችሁን ሰው አትቀበሉ፤ ከኮፒው ጋር የሚገቡ፣ በኦቶካድ የፕሮግራም ቋንቋ በሊስፕ የተጻፉ ቫይረሶች የድሮዊንግ ፎልደሮችን ሁሉ ሲበክሉ አይቻለሁ።

ላፕቶፕ ልትገዙ መገናኛም ሆነ ቦሌ ስትሄዱ ከባዱን ድሮዊንጋችሁን በፍላሽ ያዙ፤ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ባትሪው ሳይሆን ቻርጀሩ ተሰክቶ ግማሽ ሰዓት ያህል እያጎላችሁና እያዞራችሁ እዩት፣ ገንዘቡንም ከዚያ በኋላ ክፈሉ።